ቅባቱን አውጥታችሁ አትጣሉት፦ ለፋብሪካ ባለቤቶች፣ ለኢንጂነሮችና የፍሳሽ ፈቃድ ለሚሰጡ መስሪያ ቤቶች ግልጽ ደብዳቤ

ሰላም እንደምን ናችሁ፣

ይሄን ደብዳቤ የምጽፈው ለሶስት ወገን ነው። ቅባት የበዛበት ፍሳሽ ለሚያወጡ ፋብሪካዎች ባለቤቶች (ወተት ማቀነባበሪያ፣ ቄራ፣ የምግብ ዘይት፣ ዓሳ ማሸጊያ፣ ሱፍ ማጠቢያ)፣ ማጣሪያ ጣቢያውን ለምትነድፉ ኢንጂነሮች፣ እና ፍሳሹ እንዲለቀቅ ፈቃድ ለምትሰጡ መስሪያ ቤቶች። ለሶስታችሁም አንድ ላይ የምጽፈው ያለምክንያት አይደለም፣ ባለቤቱ ኢንጂነሩ ያለውን ያሠራል፣ ኢንጂነሩ ፈቃዱ የሚጠይቀውን ይነድፋል፣ ፈቃድ ሰጪው ደሞ መውጫው ቱቦ ላይ ያለውን ውሃ ለክቶ ይሄዳል፣ በዚህ መሀል ቅባቱ ራሱ የት ገባ ብሎ የሚጠይቅ ሰው አይገኝም።

እኔ የምጠይቀው እሱን ነው። ፍሳሹ ውስጥ ካለው ነገር ሁሉ ብዙ ሚቴን (የሚነደው ጋዝ) የሚወጣው ከቅባቱ ነው፣ እኛ ግን ገና ከመግቢያው ለይተን እናስጥለውና የቀረውን ቀጭን ውሃ ዳይጄስተር (ባክቴሪያ አየር በሌለበት ቆሻሻውን አፍርሶ ጋዝ የሚያወጣበት ታንከር) ውስጥ አስገብተን ጋዙ አነሰ ፕሮጀክቱ አያዋጣም እንላለን። ይሄ ልማድ መቅረት አለበት ነው የምለው። ለምን እንደተጀመረና ለምን ዛሬ እንደማያስፈልግ ላስረዳ፣ ትንሽ ይረዝማል ታገሱኝ።

መጀመሪያ ቁጥሩን እንይ። 1 ኪሎ ስብ አየር በሌለበት ታንከር ውስጥ ሙሉ ለሙሉ ከፈረሰ 1 ሜትር ኩብ ገደማ ንጹህ ሚቴን ይሰጣል (በ0 ዲግሪና በመደበኛ የአየር ግፊት ሲለካ ማለቴ ነው)። ፕሮቲን የዚህን ግማሽ ያህል ነው የሚሰጠው፣ ስኳርና ስታርች ደሞ 0.4 ሜትር ኩብ አካባቢ። ከስብ የሚወጣው ባዮጋዝ በጥራትም ይሻላል፣ ሚቴኑ ወደ 70 በመቶ ይጠጋል፣ ከስኳር የሚወጣው ግን ግማሹ ሚቴን ግማሹ ካርቦንዳይኦክሳይድ ነው። ሚስጥሩ ሞለኪውሉ ላይ ነው ያለው። ግሉኮስ ከክብደቱ ከግማሽ በላይ ኦክስጅን ነው፣ ፓልሚቲክ አሲድ የሚባለው የስብ አሲድ ግን ኦክስጅኑ 12.5 በመቶ ብቻ ነው፣ ሌላው ሁሉ ካርቦንና ሃይድሮጅን ነው፣ ማለትም ገና ያልተነካ ጉልበት።

1 ሜትር ኩብ ሚቴን ሲቃጠል 10 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ሙቀት ይሰጣል። እንግዲህ 1 ቶን ስብ ማለት 10 ሺህ ኪሎዋት ሰዓት ነው። ሁሉም ወደ ጋዝ አይቀየርም እሺ፣ 70 በመቶው ብቻ ቢቀየር እንኳ 7 ሺህ ነው፣ ይሄንን ነው እንግዲህ ከፍላችሁ በጭነት መኪና አስጭናችሁ የምታስጥሉት። እዛው ግቢ ውስጥ ደሞ የእንፋሎት ቦይለሩ በተገዛ ነዳጅ ይሠራል፣ ስቡ በአንዱ በር ይወጣል ነዳጁ በሌላው በር ይገባል።

አሁን በአብዛኛው ቦታ የሚሠራው እንዲህ ነው። ፍሳሹ መጀመሪያ ዳፍ ወደሚባለው ማንሳፈፊያ ይገባል፣ የብረት ወይም የአሉሚኒየም ጨውና ፖሊመር ይጨመርበታል፣ ከስር ደቃቅ የአየር አረፋ ይለቀቃል፣ ቅባቱ ከአረፋው ጋር ወደ ላይ ይወጣና ከላይ የሚዞረው መጥረጊያ እየገፈፈ ወደ ጎን ያወርደዋል። የሚወርደውን ነገር ቆማችሁ አይታችሁት ከሆነ ወፍራም፣ ቢጫም ግራጫም የሆነ፣ ብዙው ውሃ የሆነ ጭቃ ነው፣ ማጠራቀሚያው ውስጥ ሁለት ሶስት ቀን ከቆየ ሽታው ሰፈር ያውካል። ከዛ መኪና ይመጣና ይወስደዋል። የት እንደሚወስደው ፈቃዱ ላይ አልተጻፈም። ቆሻሻ መጣያ ከተደፋ ወይም ክፍት ኩሬ ውስጥ ከገባ እዛ ማንም ሳይቆጣጠረው ራሱ በራሱ ይፈርስና ያው ሚቴኑን አየር ላይ ይለቀዋል። ሚቴን ደሞ አየር ላይ ሲለቀቅ በ100 ዓመት ስሌት ከካርቦንዳይኦክሳይድ 27 እጥፍ ገደማ፣ በ20 ዓመት ስሌት 80 እጥፍ ገደማ ምድርን ያሞቃል። ማሌዥያና ኢንዶኔዥያ ያሉ የፓልም ዘይት ፋብሪካዎች ለዘመናት ፍሳሻቸውን በትልልቅ ክፍት ኩሬዎች ነበር የሚያክሙት፣ ኩሬው ላይ ቀን ከሌሊት የሚፈላው አረፋ ሚቴን ነው፣ ዛሬ ብዙዎቹ ኩሬውን በፕላስቲክ ሸፍነው ጋዙን መሰብሰብ ጀምረዋል፣ ይሄ አንድ ነገር ነው።

ቅባቱን ለቆሻሻ ውሃ መስመር የሚለቁትም አሉ። ስቡ ቱቦ ውስጥ ይፈርስና የስብ አሲድ ይሆናል፣ አሲዱ ከኮንክሪቱና ከውሃው ካልሲየም ጋር ይያያዝና ድንጋይ የሚያክል ሳሙና ይሠራል። በ2017 ለንደን ዋይትቻፕል ስር የተገኘው ክምር 130 ቶን የሚመዝን 250 ሜትር የሚረዝም ነበር፣ ሠራተኞች መሬት ስር ገብተው እየፈለጡ ነው ያወጡት።

ቅባቱን በአየር እየነፉ ማከምም ይቻላል፣ ብዙዎች ያደርጉታል። ግን በአየር ስናክመው 1 ኪሎ ሲኦዲ (የፍሳሹ የብክለት መለኪያ) ለማጥፋት ብሎወሩ (አየር የሚነፋው ማሽን) 1 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይበላል፣ ከጠፋውም ግማሽ አካባቢው አዲስ ስላጅ (የባክቴሪያ ጭቃ) ሆኖ ይቀመጣል፣ ስላጁን ደሞ መጭመቅና ማስወገድ ሌላ ወጪ ነው። አየር በሌለበት ሲሆን የስላጁ መጠን ከዛ አንድ አስረኛ አካባቢ ነው፣ ብሎወር የለም፣ ጋዝ ይወጣል።

እና ይሄ ሁሉ እያለ ለምን እንጥለዋለን?

ምክንያት ነበረው፣ ደሞ የሞኝ ምክንያት አልነበረም። በ1970ዎቹ ኔዘርላንድስ፣ ዋግኒንገን ዩኒቨርሲቲ፣ ጋትሰ ሌቲንጋና ባልደረቦቹ ዩኤኤስቢ የሚባለውን ሪአክተር (አየር የሌለበት ማፍረሻ ታንከር) አወጡ። ፍሳሹ ከስር ወደ ላይ ይወጣል፣ ባክቴሪያዎቹ ራሳቸው ተያይዘው ጥቂት ሚሊሜትር የሚሆኑ እንክብሎች ይሠራሉ፣ እንክብሎቹ ከባድ ስለሆኑ ከታች ይቀመጣሉ፣ ውሃው ያልፋል ባክቴሪያው ይቀራል። ዓለምን የቀየረ ፈጠራ ነው፣ ሌቲንጋ ለዚህ ሥራው በ2009 ሲንጋፖር የሊ ኳን ዩ የውሃ ሽልማትን አግኝቷል። ለስኳር፣ ለቢራ፣ ለድንች ፍሳሽ ከዚህ የተሻለ አልነበረም። ቅባት ሲገባበት ግን ሁሉ ነገር ይገለበጣል። የስብ አሲዱ እንክብሉ ላይ ይለጠፋል፣ ስብ ደሞ ከውሃ ይቀላል፣ እንክብሉ ከታች መቀመጡ ቀርቶ ይንሳፈፋል፣ ከሚወጣው ውሃ ጋር ተጠርጎ ይሄዳል። ኦፕሬተሩ ጠዋት መጥቶ ሪአክተሩ አናት ላይ ወፍራም ነጭ ግራጫ ንጣፍ ያያል፣ ከሳምንት በኋላ ሪአክተሩ ውስጥ ባክቴሪያ የለም። ይሄ ነው አንዱ።

ሁለተኛው የላብራቶሪው ወሬ ነው። በ1980ዎቹና በ90ዎቹ የተሠሩ ሙከራዎች ረጃጅም የስብ አሲዶች ሚቴን ሠሪዎቹን ጥቃቅን ፍጥረቶች በትንሽ መጠን እንኳ እንደሚያቆሙ አሳዩ፣ አንዳንዱ ጥናት ይገድላቸዋል እስከማለት ደረሰ። ከዚህ በኋላ "ቅባት መርዝ ነው፣ ቀድሞ ይውጣ" የሚለው ህግ የንድፍ መጽሐፍ ውስጥ ገባና እስከዛሬ ከአንዱ ዲዛይን ወደ ሌላው ኮፒ እየተደረገ ይሄዳል፣ ኮፒ የሚያደርገው ሰው ለምን ብሎ አይጠይቅም።

ከዛ በኋላ ግን የተገኘ ነገር አለ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ፖርቱጋል ብራጋ ያለው የሚኞ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በስብ አሲድ የታጨቀ፣ ሞቷል የተባለ ስላጅ ወስደው ምንም አዲስ ምግብ ሳይሰጡት ጠርሙስ ውስጥ ዘግተው አስቀመጡት። ስላጁ የተለጠፈበትን ስብ ራሱ ቀስ እያለ በልቶ ወደ ሚቴን ቀየረው፣ ከዛ በኋላ ሲለኩት ሚቴን የመሥራት አቅሙ ከበፊቱ ጨምሮ ተገኘ። ማለትም አልሞተም ነበር። ስቡ ዙሪያውን ለብሶት ምግብ እንዳይገባ ጋዝ እንዳይወጣ ዘግቶበት ነበር፣ ምግብ በሞላበት ቤት በሩ ተቆልፎበት እንደተራበ ሰው ማለት ነው። ሌላው ያዩት ነገር፣ ሪአክተሩ የሚመገበው ኦሌይክ አሲድ (ሌላ የስብ አሲድ) ቢሆንም ስላጁ ላይ ተጠራቅሞ የሚገኘው ግን በአብዛኛው ፓልሚቲክ አሲድ ነው፣ መንገዱ የሚጨናነቀው እዛ ጋ ነው ማለት ነው። ገደብም አግኝተዋል፣ በ1 ግራም የባክቴሪያ ክብደት ላይ የተለጠፈው የስብ አሲድ በሲኦዲ ሲለካ ከ1 ግራም አካባቢ ካላለፈ ስላጁ ሥራውን ይቀጥላል፣ ሲያልፍ ነው የሚታፈነው።

ይሄን እናንተም በአይናችሁ ልታዩት ትችላላችሁ፣ ውድ ነገር አይፈልግም። ከተንሳፈፈው ንጣፍ ትንሽ ቀድታችሁ የመስታወት ጠርሙስ ውስጥ ክተቱ፣ ላዩን ያለውን አየር በናይትሮጅን አስወጡ፣ በላስቲክ ክዳን ግጠሙ፣ የግፊት መለኪያ ሰክታችሁ 37 ዲግሪ ላይ አስቀምጡት። መጀመሪያ ምንም የለም፣ መርፌው አይነቃነቅም፣ ነጩ ሽፋን ጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ቁጭ ይላል። ቀናት ያልፋሉ፣ አንዳንዴም ሳምንታት። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው ተስፋ ቆርጦ የሚደፋው። ከዛ መርፌው ትንሽ ትንሽ መነሳት ይጀምራል፣ ቀጥሎ ይፈጥናል፣ ነጩ ሽፋን መሀል መሀሉ ላይ እየተበጣጠሰ ስሩ ያለው ጥቁር ስላጅ ብቅ ይላል፣ ጠርሙሱን ስትነቀንቁት ደቃቅ አረፋ ይወጣል፣ መጨረሻ ላይ ስላጁ ተመልሶ ይጠቁርና ወደ ታች ይሰምጣል። መርዝ ቢሆን ኖሮ ይሄ አይሆንም ነበር።

ለምን ጊዜ እንደሚወስድ መረዳት ዋናው ነገር ስለሆነ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ስብ መጀመሪያ ሊፔዝ በሚባል ኢንዛይም ወደ ግሊሰሮልና ወደ ረጅም የስብ አሲድ ይከፈላል፣ ይሄ ፈጣን ነው፣ ግሊሰሮሉም በቀላሉ ይበላል። ችግሩ አሲዱ ነው። ባክቴሪያው ረጅሙን ሰንሰለት ሁለት ሁለት ካርቦን እየቆረጠ ነው የሚበላው፣ 16 ካርቦን ያለው አንድ ፓልሚቲክ አሲድ 8 አሴቲክ አሲድና 14 ሞለኪውል ሃይድሮጅን ይሆናል። እነዚህን ቆራጮች የሚመሩት ሲንትሮፎሞናስ የሚባሉት ዝርያዎች ናቸው። ነገር ግን ሃይድሮጅኑ ትንሽ እንኳ ከተጠራቀመ ምላሹ ጉልበት መስጠት ያቆማል፣ ቆራጩ ይቆማል። ስለዚህ አጠገቡ ሃይድሮጅኑን በቶሎ እየወሰደ ሚቴን የሚያደርግ ሌላ ፍጥረት መኖር አለበት፣ አሴቲክ አሲዱን የሚበላ ሌላም (ሜታኖትሪክስ የሚባለው) አለ። ሃይድሮጅኑ በጣም በትንሽ መጠን ከአንዱ ወደ ሌላው ስለሚተላለፍ ርቀቱ በማይክሮሜትር የሚለካ ነው። አንዱ ያለሌላው በዚህ ምግብ መኖር አይችልም። አብዛኞቹ ደሞ ቀስ ብለው ነው የሚባዙት፣ እጥፍ ለመሆን ቀናት ይፈልጋሉ፣ በአየር እንደሚሠሩት ባክቴሪያዎች በሰዓታት አይደለም።

ከዚህ ተነስታችሁ ብዙ የንድፍ ስህተት ራሳችሁ ታገኛላችሁ። ታንከሩ ውስጥ ሃይለኛ ፓምፕ አስገብታችሁ ስላጁን ቀን ከሌሊት የምታስፈጩት ከሆነ ጎረቤታሞቹን እያለያያችሁ ነው፣ መቀላቀል ያስፈልጋል ቅባቱ ከላይ ተንሳፍፎ እንዳይቀር፣ ግን በለስላሳው። ቅባቱ በአንዴ ከመጣ፣ ለምሳሌ ፋብሪካው ማሽን የሚያጥብበት ሰዓት ላይ ብቻ በብዛት የሚለቅ ከሆነ፣ ማጠራቀሚያ ሳይኖር በቀጥታ ሪአክተሩ ውስጥ መግባት የለበትም። የማጠቢያው ኮስቲክ ሶዳ፣ ክሎሪንና ጀርም ገዳይ ኬሚካል እዛው ውስጥ ነው ያለው፣ እሱ እውነተኛ መርዝ ነው፣ ስንት ጊዜ የኬሚካሉ ጥፋት በቅባቱ ላይ ተላኳል።

የሚሠራው መንገድ ምንድነው ብትሉኝ፣ መመገብና ማሳረፍ ነው። ቅባቱን ትሰጡታላችሁ፣ ስላጁ ላይ ይለጠፋል፣ ከዛ ትቆማላችሁ፣ የተለጠፈው ሚቴን እስኪሆን ትጠብቃላችሁ፣ እንደገና ትሰጡታላችሁ። ዙሩ በተደጋገመ ቁጥር ስብ የሚበሉት ዝርያዎች እየበዙ ይሄዳሉ፣ የሚያስፈልገው እረፍትም እያጠረ ይመጣል፣ ከዛ በኋላ ያለ እረፍት መመገብ የሚቻልበት ደረጃ ይደረሳል። የጀመራችሁበት ስላጅ ቅባት ከለመደ ሌላ ዳይጄስተር የመጣ ከሆነ ደሞ በጣም ይፈጥናል።

ሪአክተሩን በተመለከተ፣ ስላጁ ይንሳፈፋል እያልን ከማልቀስ መንሳፈፉን ተቀብሎ መንደፍ ይቻላል። የሚኞዎቹ ራሳቸው ሪአክተሩን ገልብጠው ፍሳሹ ከላይ ገብቶ በታች እንዲወጣ አድርገዋል፣ ተንሳፋፊውም ስላጅ ውስጡ ይቀራል። ስላጁን ሆን ብሎ በማንሳፈፍ የሚይዝ የንግድ ሪአክተርም አለ፣ በሜምብሬን (በደቃቅ ማጣሪያ ሽፋን) የሚያጣራም አለ። ቀላል ነገር ለሚፈልግ ደሞ ተራው ቀስ ብሎ የሚቀላቀል ትልቅ ታንከር፣ ከ20 እስከ 30 ቀን ቆይታ ያለው፣ የዳፍ ጭቃን ከሌላ ስላጅ ጋር ቀላቅሎ በደንብ ያፈርሰዋል። ቅባት ውስጥ ናይትሮጅንም ፎስፈረስም እንደሌለ አትርሱ፣ ብቻውን ከሰጣችሁት ባክቴሪያው አካሉን የሚሠራበት ነገር ያጣል። የቄራ ፍሳሽ ደም ስላለበት ይሄ አያሳስበውም፣ የዘይት ፋብሪካ ፍሳሽ ግን ያሳስበዋል፣ ኒኬልና ኮባልት የመሳሰሉ ማዕድናትም በትንሹ ያስፈልጋሉ።

ካልሲየም ጨምሩበት የሚል ምክርም ትሰማላችሁ። እውነት አለው፣ ካልሲየም የስብ አሲዱን ይዞ ሳሙና አድርጎ ያስቀምጠዋል መታፈኑም ይቀንሳል፣ ግን መንሳፈፉን አያስቀርም ቱቦም ይደፍናል፣ ለአደጋ ጊዜ እንጂ ለየቀኑ አልመክርም። ሙቀቱም ይታሰብበት። ፓልሚቲክ አሲድ የሚቀልጠው 63 ዲግሪ ላይ፣ ስቴሪክ 69 ላይ ነው፣ ስለዚህ 37 ዲግሪ ታንከር ውስጥ እንኳ ብቻቸውን ጠጣር ናቸው፣ ቱቦው ቀዝቃዛ ከሆነ ደሞ ገና ሳይደርሱ ግድግዳው ላይ ይቀራሉ። ዳፉን ካቆያችሁት ጭቃው ወደ ዳይጄስተር እንደሚሄድ አስባችሁ ኬሚካሉን ምረጡ፣ ሰልፌት ያለበት ጨው ከተጠቀማችሁ ሰልፌቱ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ይሆንባችኋል፣ ይሄ ጋዝ ቦይለር ይበላል ሰውም ይገድላል፣ የክሎራይዱ ዓይነት ይሻላል።

አሁን ፈቃድ ለምትሰጡት፣ በተለይ ለናንተ።

መውጫው ላይ ያለውን ውሃ ብቻ መለካት በቅባት ጉዳይ ያሳስታል። ምክንያቱም ቅባት ስላጁ ላይ ይለጠፋል፣ በሚወጣው ውሃ ውስጥ አይታይም። ሪአክተሩ እየታፈነ ሳለ የሚወጣው ውሃ ንጹህ ይመስላል፣ ሲኦዲው 90 በመቶ ወርዷል ተብሎ ሪፖርት ይጻፋል፣ ከዛ አንድ ቀን ስላጁ ተንሳፍፎ ሁሉም በአንዴ ወንዝ ውስጥ ይገባል። ይሄን ቀድሞ የሚያሳየው የጋዝ ቆጣሪ ነው። የጠፋ 1 ኪሎ ሲኦዲ 0.35 ሜትር ኩብ ሚቴን መስጠት አለበት፣ ይሄ የኬሚስትሪ ሂሳብ ነው የሚደራደሩበት አይደለም። ጣቢያው በቀን 1000 ኪሎ ሲኦዲ አጠፋሁ ካለ 350 ሜትር ኩብ ሚቴን ማሳየት ነበረበት። የባክቴሪያው እድገት ትንሽ ይወስዳል፣ ውሃው ውስጥ ሟሙቶ የሚወጣም አለ፣ እነዚህ ተቀንሰው 300 ቢመጣ ደህና ነው። 150 ብቻ ከመጣ ግን ከግማሽ በላዩ አልጠፋም፣ ተደብቋል፣ ወይ ስላጁ ላይ ተጠራቅሟል ወይ ጋዙ የሆነ ቦታ እየሾለከ ነው፣ ሁለቱም እናንተን ይመለከታል።

ስለዚህ የምለምናችሁ፣ ፎርማችሁ ላይ ሁለት ጥያቄ ጨምሩ። አንደኛ፣ ፋብሪካው ውስጥ በቀን ስንት ኪሎ ቅባት ወደ ፍሳሹ ይገባል፣ የመጨረሻ መድረሻውስ የት ነው፣ በውሃ፣ በጋዝ፣ በጭቃ፣ እያንዳንዱ በኪሎ። ሁለተኛ፣ የሚለካው ሚቴን ከጠፋው ሲኦዲ ጋር ይገጥማል ወይ። እነዚህ ሁለቱ ከተመለሱ ቅባት የሚያስጥል ፋብሪካ ራሱ ምን እየጣለ እንደሆነ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየዋል። የማይጠቀሙበት ጋዝ ካለ ደሞ ፍሌር (ትርፍ ጋዝ ማቃጠያ) ላይ ይቃጠል፣ ተለቆ መሄድ የለበትም፣ የጋዝ ጠቋሚም ግዴታ ይሁን፣ ሚቴን አየር ውስጥ ከ5 እስከ 15 በመቶ ሲሆን ይፈነዳል።

ባለቤቶች፣ ሁሉም ሰው ዳይጄስተር ይሥራ እያልኩ አይደለም። ንጹህ ስብ የሚወጣችሁና ለሳሙና ወይ ለመኖ የሚገዛችሁ ካለ ሽጡት፣ ያ ይበልጣል። ፍሳሻችሁ ትንሽ ከሆነም ለብቻችሁ አትሥሩ፣ የከተማው ቆሻሻ ውሃ ጣቢያ ዳይጄስተር ካለው ጭቃችሁን እዛ ውሰዱ። ካሊፎርኒያ ኦክላንድ ያለው የኢስት ቤይ የውሃ መስሪያ ቤት እንደዛ ነው ያደረገው፣ የምግብ ቤት ቅባትና የምግብ ፋብሪካ ተረፈ ምርት በመኪና እየተቀበለ በነበረው ዳይጄስተር ውስጥ ይጨምራል፣ በ2012 ከሚጠቀመው በላይ ሃይል የሚያመርት በሰሜን አሜሪካ የመጀመሪያው የፍሳሽ ጣቢያ ሆነ። አዲስ ታንከር ከመገንባት በፊት ጎረቤት ያለ ባዶ ቦታ ያለው ታንከር መፈለግ ይቀድማል።

የመጨረሻው ነገር የጊዜው ነው፣ ለኔ ከሁሉም ይከብደኛል። አንድ ፋብሪካ (ስሙን አልጠራም) ቅባቱን ከነሙሉው የሚቀበል ሪአክተር ሠርቶ ነበር። ፈቃዱ ጣቢያው ከተመረቀበት ቀን ጀምሮ ሙሉውን ፍሳሽ አክሞ ገደቡን እንዲያሟላ ያስገድድ ስለነበር ኦፕሬተሮቹ ከመጀመሪያው ሳምንት ሙሉ ጭነት አስገቡበት። የስብ በሊዎቹ ቁጥር ገና እፍኝ አይሞላም ነበር፣ ተንሳፈፈ፣ ወጣ፣ ስላጁ በመኪና ተመጦ ተጣለ፣ ዳፍ ተገዛ፣ ዛሬ ያ ሪአክተር ማጠራቀሚያ ታንከር ነው። ባክቴሪያው አልነበረም የወደቀው፣ የጊዜ ሰሌዳው ነው።

ስለዚህ ፈቃዱ ላይ የማስጀመሪያ ጊዜ ይፈቀድ፣ ጭነቱ በየወሩ ደረጃ በደረጃ የሚያድግበት፣ በዛ ጊዜ ትርፉ ቅባት በሌላ መንገድ የሚስተናገድበት፣ ቁጥጥሩም በጋዝ ቆጣሪው የሚካሄድበት። ኢንጂነሮችም ኮንትራት ስትፈርሙ ይሄን ጊዜ ቀድማችሁ ጠይቁ፣ ባለቤቱ ሲቸኩል አብራችሁ አትቸኩሉ። አሁን በዚህ ሰዓት የተንሳፈፈ ስላጅ ይዛችሁ መጣጭ መኪና የጠራችሁ ካላችሁ ደሞ መኪናውን አቆዩት፣ መመገቡን አቁሙ፣ ሙቀቱን 37 ላይ ጠብቁ፣ ፒኤቹን (የአሲድነት መለኪያውን) ከ6.8 በታች እንዳይወርድ ተከታተሉ፣ ከንጣፉ ቀድታችሁ ጠርሙስ ውስጥ ሞክሩት፣ ግፊቱ ከተነሳ ስላጁ የናንተ ነው አትጣሉት።

ከአክብሮት ጋር፣
በፍሳሽ ማጣሪያ ሥራ ላይ ያለ ባለሙያ